ከአጥሩ ውጭ ያለ ትምህርት፦ የፕሮጀክት ሥራ በሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ትምህርቶች፣ ከአሶሳ አንጻር

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መንጌ ወይም ሸርቆሌ ወረዳ ውስጥ በባህላዊ መንገድ ከአሸዋ ታጥቦ የሚወጣ አንድ ግራም ወርቅ ብዙ ትምህርት ተሸክሟል። ወርቁ ለምን እዚያ እንደተገኘ የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው። የአካባቢው ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ይገብሩት የነበረው ከዚሁ አገር የወጣ ወርቅ መሆኑ የታሪክ ነው። ዋጋው ከድንበር ወዲህና ወዲያ የሚለያይበት ምክንያት የኢኮኖሚክስ ነው። ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ጉድጓድ ሲደረመስ ማን እንደሚጠየቅ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ነው። በክልሉ ዋና ከተማ በአሶሳ ያለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን አራት ትምህርቶች በአራት መጽሐፍ፣ ከአራት መምህር፣ በእንግሊዝኛ ይማራል። አራቱን የሚያገናኝ ጥያቄ የሚጠየቅበት ክፍለ ጊዜ ግን የለውም።

በፕሮጀክት መማር የሚባለው አካሄድ ይህንን ክፍተት እሞላለሁ ይላል። ተማሪዎች ራሳቸው እየጠየቁ፣ እየለኩ፣ እየመዘገቡ፣ ያገኙትንም ለሌላ ሰው እያቀረቡ ቢማሩ በጥቁር ሰሌዳና በማስታወሻ ደብተር ከሚማሩት የተሻለ ይገባቸዋል ወይ? በፖሊሲ ሰነድ ላይ መልሱ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ «አዎ» ነው። የተመራማሪዎቹ መልስ «እንደ አሠራሩ» ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 ማርክ የሚታረም የቡድን አሳይንመንት ሆኖ ቀርቷል። እዚህ የሚዳሰሰው መልሶቹ ይህን ያህል የተራራቁበት ምክንያትና አሶሳን በመሰለ ቦታ ክርክሩ የሚይዘው መልክ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሥራዎች

ክርክሩ ከሚደናገርባቸው ምክንያቶች አንዱ በጣም የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። አንደኛው የሞዴል ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያን ካርታ በጭቃ መሥራት፣ የዓባይን ግድብ በካርቶንና በኮላ ማቆም፣ የአክሱምን ሐውልት በወረቀት መቅረጽ። እጅ ይሠራል፤ ወላጆች ሲጎበኙም ያምራል። ተማሪው ስለ ግድቡ ከመጽሐፉ ያላገኘውን ምን እንዳወቀ ግን ሲጠየቅ መልሱ ቀጭን ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጥያቄ ይነሣል፤ ለምሳሌ የአሶሳ ማንጎ በመኸሩ ወቅት በገበያው ስንት ተሽጦ አዲስ አበባ ሲደርስ ስንት ይሆናል፣ ልዩነቱስ በማን እጅ ይቀራል የሚል። ተማሪዎች መረጃ ይሰበስባሉ፣ ያመሳክራሉ፣ መደምደሚያቸውንም ይከላከላሉ። ሦስተኛው አገልግሎት ነው፤ ችግኝ መትከል፣ ሰፈር ማጽዳት፣ ማንበብ ለማይችሉ ማስተማር። አገልግሎት ለማኅበረሰቡ ይጠቅማል፤ ትምህርት የሚሆነው ግን ከጀርባው ጥያቄ ሲኖረው ነው። የተተከለው ችግኝ በዓመቱ ለምን እንደደረቀ የሚመረምር ክፍል ጂኦግራፊ ተምሯል። ተክሎ ፎቶ የተነሣው ክፍል ተክሏል።

አራተኛው፣ በብዛትም የሚገኘው፣ ከኢንተርኔት ወይም ከቴሌግራም ወርዶ፣ ሽፋን ተሠርቶለት፣ የአምስት ተማሪ ስም ተጽፎበት የሚቀርበው ወረቀት ነው። ይህን ፕሮጀክት ብሎ መቁጠር ለክርክሩ ሁለቱም ወገኖች ጉዳት አለው። ደጋፊዎች «እየሠራን ነው» እንዲሉ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ «ሞክረነው አልሠራም» እንዲሉ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ባለው ዳሰሳ ፕሮጀክት ስል በዋናነት ሁለተኛውን ዓይነት ማለቴ ነው።

ሐሳቡ የመጣበት መንገድ

በዘመናዊ ትምህርት ውስጥ ሐሳቡ የሚያያዘው ከጆን ዱዊ ስም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች እየሸመኑ፣ እያበሰሉና እየገነቡ የሰው ልጅ እንዴት እንደኖረ ይማሩ ነበር። ስሙን ያስተዋወቀው ዊልያም ኪልፓትሪክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ባወጣው ጽሑፍ ተማሪው ከልቡ አቅዶ የሚሠራውን ማንኛውንም ሥራ እስከማካተት ድረስ ሐሳቡን ለጠጠው። ዱዊ ራሱ በዚህ አልተመቸውም። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ስለ ልምድና ትምህርት በሚናገረው መጽሐፉ ልምድ ሁሉ እንደማያስተምር፣ አንዳንዱም ተማሪውን ወደ ኋላ እንደሚጎትት አስጠንቅቋል። የዘዴው ተቃዋሚዎች ዛሬ የሚያነሡትን ነጥብ አስቀድሞ የተናገረው የዘዴው አባት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በማኅበራዊ ትምህርቶች ውስጥ ግን ከዘዴው ጋር አንድ ሌላ ጉዳይ ተጣብቆ መጣ፤ ተማሪ ማኅበረሰቡን ሲመረምር ማኅበረሰቡ ምን ይላል የሚለው። አሜሪካዊው ሐሮልድ ረግ የአገሩን የኑሮ ችግሮች ለተማሪ ጥያቄ አድርገው የሚያቀርቡ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቶ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በስፋት ተሸጡለት። ብዙም ሳይቆይ አገር ወዳድ አይደሉም የሚል ዘመቻ ተነሥቶባቸው ከብዙ ትምህርት ቤቶች ወጡ። በሌላ ጫፍ የፎክስፋየር ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጆርጂያ ግዛት ተራራማ ወረዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን ስለ ቤት አሠራር፣ ስለ አደንና ስለ መድኃኒት ቅጠል እየጠየቁ መጽሔት አዘጋጁ፤ ከመጽሔቱም በብዛት የተሸጡ መጻሕፍት ወጡ። ረግ ሲወድቅ ፎክስፋየር የጸደቀው፣ አንዱ ማኅበረሰቡን በሚያከራክረው፣ ሌላው በሚያኮራው ጉዳይ ላይ ስለሠሩ ይመስለኛል። ይህ ልዩነት አሶሳ ላይ ስንደርስ እንደገና ያስፈልገናል።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 ራስን ስለመቻል ትምህርት ባወጡት ሰነድ ትምህርት ቤቶች እርሻና ወርክሾፕ እንዲኖራቸው፣ ተማሪም እየሠራ እንዲማር ጠየቁ። እዚህ ላይ ሥራው ለመማር የሚሠራ ነበር ወይስ ትምህርት ቤቱን ለመቀለብ የሚለው ጥያቄ በታንዛኒያ እስከ መጨረሻው ሳይለይ ቀረ።

የኢትዮጵያ መንገድ

በእኛ አገር ታሪኩ ከፖሊሲ ሰነዶች በፊት ይጀምራል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየትውልድ አካባቢያቸውን ወግ፣ ሰርግና ዳኝነት እየመዘገቡ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ወደየአገራቸው ተመልሰው ሽማግሌ እየጠየቁ የጻፏቸው ጥናቶች ለአካባቢ ታሪክ መሠረት ሆነዋል። ለአሶሳ ከሁሉ የሚቀርበው አቲየብ አሕመድ ዳፈላ በ1965 ዓ.ም. ስለ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንና ስለ ቤላሻንጉል የጻፈው ነው። ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ቤላሻንጉል ጨው፣ ወርቅና ሥልጣን ያሳተመው መጽሐፍ የወጣው ከዚህ የተማሪ ጥናት ስምንት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

ይህ ምርመራ ነበር። አገልግሎቱ በሌላ መስመር መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1964 ተጀመረ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተሰማሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሠማራ። ከክፍል ወጥቶ ማኅበረሰቡን ማጥናት፣ ማስተማርና ማደራጀት በአንድ ጊዜ የተሞከረበት ትልቁ አጋጣሚ ያ ነው። መጨረሻው ግን አላማረም። ዘማቾቹ ከአካባቢ ባለሥልጣናትና ከራሱ ከመንግሥት ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎች ዘመቻውን ጥለው ሄዱ፤ አንዳንዶቹም ሞቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል፤ እሱም ቢሆን ተማሪውን ያሰለፈው አስተማሪ አድርጎ ነው እንጂ መርማሪ አድርጎ አልነበረም። ከዘመቻው ትውልድ የመጡ ወላጆችና ርእሰ መምህራን ተማሪን «ወደ ሕዝቡ ማውጣት» ሲባል ቢጠራጠሩ አይገርምም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪን ማዕከል ያደረገ፣ ችግር ፈቺ ትምህርት ብሎ አወጀ። አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ፕላዝማ ገባላቸው። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ለመምህሩ የቀረው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተማሪ ማዕከል ነው ያለ ፖሊሲ መምህሩንም ተማሪውንም ተመልካች ያደረገ መሣሪያ ማምጣቱ እስካሁን በቂ ማብራሪያ ያልተሰጠበት ተቃርኖ ነው። ሰርቤሳ ደሬብሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባሳተሙት ጥናት አዲሱ ዘዴ በወረቀት ቢታወጅም በክፍል ውስጥ ገለጻው እንደነገሠ መቀጠሉን አሳይተዋል። ምክንያቶቹንም ሲያስቀምጡ የመምህራንን ስንፍና አላነሡም፤ የክፍል መጨናነቅን፣ የመርጃ መሣሪያ እጥረትንና መምህራኑ ራሳቸው የተማሩበትን መንገድ ነው ያነሡት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል እውቀትን ያነሣል፤ ሲቪክስና ሥነ ምግባርም በዜግነት ትምህርት ተተክቷል። በሩ በመርህ ደረጃ ከምንጊዜውም ይልቅ ተከፍቷል ማለት ይቻላል።

ምን ያህል መምራት? ዋናው ክርክር

ከዘዴው ተቃዋሚዎች ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። መከራከሪያቸው የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነው ከሚል ይነሣል። ስለ ጉዳዩ መሠረታዊ እውቀት የሌለው ጀማሪ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ከተተወ ጉልበቱ የሚያልቀው በፍለጋው ነው፤ በአእምሮው የሚቀር ነገር የለም። በዓመቱ ሲንዲ ሕሜሎ ሲልቨርና ባልደረቦቿ መልስ ሰጡ፦ በሚገባ የተሠራ ፕሮጀክት ያለ መሪ የተተወ አይደለም፤ መምህሩ ደረጃ በደረጃ የሚደግፍበት ነው። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቶ ላነበበ ልዩነቱ ከሚጮኸው ያነሰ ነው። ያለ መሪ የተተወ ፕሮጀክት እንደማይበጅ ሁለቱም ወገን ይቀበላሉ። የማይስማሙት ገለጻው ከፕሮጀክቱ በፊት ይሁን ወይስ በመካከል በሚለው ላይ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከንባብና ከዳዊት ተነሥቶ፣ ብዙ በቃሉ ይዞ ነው የሚደርሰው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፣ መንገዱን ያሳያል፤ ከዚያ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። አዲስ ነገር መፍጠር የትምህርቱ ልብ ነው፤ ግን በቂ ስንቅ ሳይያዝ አይጀመርም። የአገራችን ነባር ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነበር የሚለው የተለመደ ወቀሳ ይህን ይዘለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥነ ልቦና አይመጣም። ጄራርድ ጋትሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መጽሐፍ ተማሪ ተኮር ዘዴ በምዕራባውያን ባህል የበቀለ እንደሆነ፣ በታዳጊ አገሮች ያለው በመምህሩ የሚመራ ሥርዓት ያለው ክፍል ሊሻሻል እንጂ ሊተካ እንደማይገባ ይከራከራል። ሚሼል ሽዋይስፈርት በዚያው ዓመት 72 ጥናቶችን ስትፈትሽ አፈጻጸሙ በየአገሩ ውድቀት የበዛበት መሆኑን አረጋገጠች። ከዚህ የደረሰችበት መደምደሚያ ግን እንደ ጋትሪ ይተው የሚል አልነበረም፤ ከየቦታው ጋር ተስማምቶ ይሠራ የሚል ነው። ጋትሪ ስለ መምህራን አቅምና ስለ ክፍል ብዛት የሚለው ትክክል ይመስለኛል። ባህልን ምክንያት ሲያደርግ ግን ከላይ ያለው የቅኔ ቤት ምሳሌ ይረታዋል።

ማስረጃው ምን ይላል?

በማኅበራዊ ትምህርቶች ላይ በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች የተደረጉ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱ ግን ጠንካራ ናቸው። ሁለቱም በአሜሪካ የተሠሩና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ናቸው። አንደኛው በሚሺጋን ግዛት በድሃ ሰፈሮች የሚገኙ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን የተመለከተ ሲሆን በፕሮጀክት የተማሩት በኅብረተሰብ ትምህርትና በመረጃ ንባብ በልጠው ተገኝተዋል፤ በጽሕፈትና በተነሳሽነት ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ሁለተኛው በሁለተኛ ደረጃ ስለ መንግሥት አሠራር የሚሰጠውን ከፍተኛ ኮርስ ይመለከታል። በፕሮጀክት የተማሩት ፈተናውን የማለፍ ዕድላቸው በመጀመሪያው ዓመት ወደ 8 በመቶ ነጥብ ያህል ከፍ ብሏል።

በእንግሊዝ ግን ውጤቱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ግምገማ በፕሮጀክት የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች በንባብ ግልጽ ጥቅም እንዳላገኙ፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡት ምናልባትም እንደተጎዱ አመለከተ። ጥናቱን ከጀመሩት ትምህርት ቤቶች በርካቶቹ መሐል መንገድ ላይ አቋርጠው ወጡ። ይህ የመጨረሻው ነገር የጥናቱን መደምደሚያ ያዳክማል፤ በራሱ ግን ግኝት ነው። ዘዴው ለትምህርት ቤት ከባድ ነው።

የተሳካላቸውን ከሌላው የሚለያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በሁለቱም የአሜሪካ ጥናቶች መምህሩ «ፕሮጀክት አሠራ» ተብሎ ባዶ እጁን አልተላከም። ተዘጋጅቶ የተሰጠው የትምህርት ዕቅድ፣ ከዓመቱ በፊት ሥልጠና፣ በዓመቱ ውስጥም ድጋፍ ነበረው። እኛ ዘንድ የተለመደው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መመሪያ ይወርዳል፣ ዕቅዱን መምህሩ ያውጣው ይባላል።

አሶሳ ላይ ሲደርስ

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አሶሳ ለምርመራ የሚሆን ነገር አልተነፈገችም። ሰፊው የቆላ ቀርከሃ ከብዙ ዓመት አንዴ በጅምላ አብቦ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ነው፤ በአካባቢው ይህ ሲሆን ያዩ ሰዎች በሕይወት አሉ። የኩርሙክ ድንበር ንግድ፣ የዳቡስ ወንዝ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ አካባቢዎች በሠፈራ የመጡ ቤተሰቦች፣ በጉባ ወረዳ ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ሁሉም ለተማሪ ጥያቄ የቀረቡ ናቸው። እነዚህ ጉዳዮች አንድ ሌላ በጎነት አላቸው፦ የአንድ ቀበሌ የውሃ ቦኖ ለምን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከቴሌግራም አይወርድም።

ከአሶሳ ብዙ በማይርቁት ቃኣባና በል ቁርቁሙ በተባሉ የዋሻ መጠለያዎች የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ባደረጉት ቁፋሮ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በእጅ መማር ሲባል ወሰን ሊበጅለት የሚገባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ተማሪ ሊስል፣ ሊለካ፣ ከመንደሩ ሰው ስለ ቦታው የሚነገረውን ሊመዘግብ ይችላል፤ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ክፍል ቢያመጣ ግን የተገኘበትን ቦታና ንብርብር፣ ማለትም ማስረጃውን ራሱን አጥፍቶታል።

ከዚህ አልፎ አራት አስቸጋሪ ጉዳዮች አሉ፤ ሁሉም እኩል አይከብዱም።

ቋንቋው አንዱ ነው። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በመጀመሪያ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆኑ ተሠርቷል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ነው። ሆሞሻ ላይ አንድ አዛውንት በበርታ የሚናገሩትን ተማሪው በአማርኛ መዝግቦ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ያቀርባል ማለት ነው። አንደኛው ወገን ይህ በጀማሪ ላይ ሸክም መደራረብ ነው ይላል፤ ከላይ ያየነው የእነ ኪርሽነር ክርክርም ይደግፈዋል። ሌላው ወገን ይህ ትርጉም ራሱ ትልቁ ትምህርት ነው ይላል። የአሜሪካውና የእንግሊዙ ጥናት ተማሪው፣ መምህሩና አካባቢው በአንድ ቋንቋ በሚግባቡበት ቦታ የተሠሩ ስለሆኑ እዚህ ላይ አይረዱንም። የሚቀናኝ መፍትሔ ምርመራውም ክርክሩም ተማሪው በሚናገረው ቋንቋ ተካሂዶ እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ማጠቃለያ እንዲወሰን ነው። በዚህ አሠራር ከሌላ ክልል የመጣ መምህር የማያውቀውን ቋንቋ የሚያውቀው ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ባለ እውቀት ይሆናል። ለአንዳንድ መምህር ይህ ይከብዳል፤ ለተማሪው ግን ከማርክ በላይ ነው።

ፈተናው ሁለተኛው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮጀክት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ይህ ውጤት የመጣው በገለጻና በኖት ከተማሩ ተማሪዎች ነው፤ የወደቀው አሮጌው ዘዴ ነው ይላሉ። ሁለቱም ቁጥሩ የማይለውን ያስብሉታል። ቁጥሩ የሚነግረን ምን ያህሉ እንዳለፈ ነው፤ በምን ዘዴ ስለተማሩ አይናገርም። ከአሜሪካው ጥናት ድጋፍ መፈለግም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የዚያ ኮርስ ፈተና ግማሽ ያህሉ ተማሪው በራሱ ቃል የሚከራከርበት ጽሑፍ ነው። የእኛው ፈተና ደግሞ የምርጫ ጥያቄ ነው። በፕሮጀክት ያደገ የማመዛዘን ችሎታ በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታይ የተፈታ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛው አቅምና ጊዜ ነው፤ ሃምሳ ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል፣ የፎቶ ኮፒ ዋጋ፣ ከትምህርት በኋላ ውሃ ለመቅዳት የምትሄድ ተማሪ። ይህ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከክፍለ ጊዜ ውጭ የሚሠራ ፕሮጀክት ሴት ተማሪዎችን በዝምታ ይቀጣል፤ ስለዚህ መረጃ መሰብሰቢያው ሰዓት በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ነው። የ1995 ዓ.ም. የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ይጠራል፤ በዚያው ክልል አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም በብዛት ይኖራሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. አሶሳ ከተማ ውስጥ በግጭት ሰው ሞቷል። በክልሉ መተከል ዞን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የደረሰው ጭፍጨፋና መፈናቀል ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። እንዲህ ባለ ቦታ «ቤተሰባችሁ እዚህ መቼ መጣ?» የሚል ንጹሕ የሚመስል የታሪክ ፕሮጀክት ክፍሉን ለሁለት ሊከፍል ይችላል።

አቋሞቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ይቅር ይላል፤ ስለ ገበያና ስለ ቀርከሃ ይጠና፣ ስለ ሰው አመጣጥ አይጠየቅ። ሁለተኛው፣ ተማሪ ይህን ከክፍል ውጭ በወሬና በፌስቡክ እየሰማው ስለሆነ በመምህር ፊት፣ በማስረጃ ቢጠይቅ ይሻላል ይላል። ሦስተኛው በየዓመቱ ኅዳር 29 የሚደረገው ነው፤ የባህል ልብስ ለብሶ መጨፈር። በ2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በአገር አቀፍ ደረጃ የተከበረው አሶሳ ላይ ነበር። በዓሉ የራሱ ደስታ አለው፤ የክልሉን ሕዝቦች ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ አንዱ ስለ ሌላው ጥያቄ እንዲጠይቅ ግን አያደርግም። ትምህርት ቤቶች ይህን እንደ ማኅበራዊ ትምህርት ፕሮጀክት መቁጠራቸውን ቢተዉ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው አቋም የፎክስፋየር መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የረግ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ቅደም ተከተል ነው። 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ላይ ጥያቄው በነገር ላይ ይሁን፤ በወርቅ፣ በመንገድ፣ በውሃ፣ በዋጋ። ተማሪዎች ምንጭ ማመሳከርን፣ ሁለት ምስክር ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ፣ ሰው ሳይፈቅድ ስሙንና ድምፁን አለመውሰድን እዚያ ይለማመዱ። የሠፈራውን ታሪክ የመሰለ ጉዳይ 11ኛ እና 12ኛ ላይ፣ የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች በተቀላቀሉበት ቡድን፣ ከአንድ በላይ ወገን ምስክር ሳይያዝ ሪፖርት እንዳይቀርብ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ደም የፈሰሰባቸው የቅርብ ዓመታት ግጭቶች የተማሪ ምርመራ መሆን ያለባቸው አይመስለኝም፤ ቁስሉ ገና ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሊጎዱ ይችላሉ። በዚህ ላይ የማይስማሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዝምታውም ዋጋ እንዳለው የሚያስታውሱት በከንቱ አይደለም።

ገና ያልተቋጩ ነጥቦች

የስደተኞች ጉዳይ አንዱ ነው። ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ መጠለያዎች በክልሉ ይገኛሉ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። ስለ ስደት የሚማር ክፍል ከመጠለያው አጠገብ ሆኖ ዝም ማለቱ እንግዳ ነገር ነው፤ ችግር ላይ ያለን ሰው ለማርክ ሲባል መጠየቅም ነውር አለበት። ስደተኛና ነዋሪ ተማሪዎች አብረው አንድ የጋራ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የማገዶ እንጨት ፍጆታን፣ ቢመረምሩ አንዱ የሌላው የጥናት ዕቃ ከመሆን ይድናል።

ማርክም ሌላው ነው። ከ100 አምስት ወይም አሥር የሚሰጠው ፕሮጀክት በተማሪው ዓይን ሥራው አይቆጠርም። ብዙ ማርክ ከተሰጠው ደግሞ የቡድን ሥራ ፍትሐዊነት ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ ሠርቶ አምስት የሚጠቀሙበት ነገር በአንድ ለአምስት የቡድን አደረጃጀት ዘመን ሁሉም ያየው ነው። ለቡድኑ ሪፖርት አንድ ማርክ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የመስክ ማስታወሻና የቃል መከላከያ ሌላ ማርክ መስጠት የታወቀ መላ ነው፤ የመምህሩን የማረሚያ ሰዓት ግን እጥፍ ያደርገዋል። ያንን ሰዓት ማን እንደሚከፍለው እስካልተወሰነ መላው በወረቀት ይቀራል።

በዚህ መካከል ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና የአሶሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ጋር ሆነው ለታሪክ፣ ለጂኦግራፊ፣ ለኢኮኖሚክስና ለዜግነት መምህራን በየክፍለ ጊዜው የተከፋፈለ፣ በአካባቢው ጉዳይ ላይ የተመሠረተ አንድ አንድ የፕሮጀክት ዕቅድ አዘጋጅተው ይስጧቸው፤ ለጊዜው በዓመት አንድ ይበቃል። ተማሪዎች የሚያቀርቡትን ሪፖርት ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ከመጋዘን አውጥቶ ከመጣል ይልቅ ዩኒቨርሲቲው በቤተ መጻሕፍቱ መዝግቦ ያስቀምጠው። የ1965ቱን የተማሪ ጥናት ዛሬ ማንበብ የምንችለው አንድ ቤተ መጻሕፍት ስላኖረው ነው።